ለእጅጌ ያልበቃ ጨርቅ

ልብስ ሰፊዋ እንደ ወትሮው ማልዳ ተነሳች። ከመጋረጃው ወዲያ ቤቷ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሱቋ። የሱቁን የብረት መዝጊያ እስከ ወገብ ከፍ አድርጋ ንፋስ አስገባች፤ ወለሉ ላይ ያደረውን የክር ቁርጥራጭ ጠረገች፤ ለስፌት መኪናው ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችለትና ድምፁን ለመስማት ያለ ጨርቅ ጥቂት ረገጠችው። ልጇ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላ ነበር። ነገ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ካርድ ይሰጣል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ለሦስቱ የክፍሉ መምህራን የወላጆች ስጦታ ይበረከታል። “ቲቸር ስጦታ እንዳለ ታውቃለች?” አለች ልጅቱ። እናቷ ምስጢር ነው አለቻት። “ምስጢር ከሆነ ባለዳቦዋ ለምን ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ታወራለች?” ሰፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፀጉሯን አሰረችላትና ሸኘቻት። ልጅቱ “ቲቸር” የምትላት የአጎቷን ሚስት ነው። ቤት ሲመጡም ቲቸር ነው የምትላት፤ ለአንድ ሰው ሁለት መጠሪያ መያዝ አልሆነላትም።

ስጦታውን መምረጥ ራሱን የቻለ ጦርነት ሆኖ ነበር የከረመው። ባለፈው ሳምንት ወላጆቹ ዳቦ ቤቱ ጓሮ በዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ተከራከሩ። ኩባያ ይሁን ያለ ነበር፤ እስከ ዛሬ በሰጠናቸው ኩባያ ሻይ ቤት ይከፍቱ ነበር ተባለ። የግድግዳ ሰዓት ያለም ነበር፤ ዋጋው ሲነገር ግን ሁሉም የየራሱን ሰዓት አየ። አበባ ይጠወልጋል፣ ሽቶ ባል ያጣላል፣ የተዋጣው ደግሞ እንኳን ለሦስት ለአንድም በቅጡ አይሆንም። እስክሪብቶ ተብሎ ሊዘጋ ሲል ነው ሰፊዋ ሳታስበው አፏን የከፈተችው። ጨርቁን ከገዛችሁ ጋውን በነፃ እሰፋለሁ አለች። መምህራኑ ሲያስተምሩ የሚደርቡት ነጭ ጋውን ክርኑ ሳስቷል፣ ኪሱ ተተርትሯል። ሁሉም አጨበጨበላት። እሷም ስታጨበጭብ የነበረችውን ባለዳቦዋን አይታ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ብዙ ጊዜ ሰው አጨብጭቦላት አያውቅም።

አሁን ባለዳቦዋ በግማሽ የተከፈተውን መዝጊያ ጎንበስ ብላ ገባች። የወላጆቹ ሰብሳቢ እሷ ናት፤ ገንዘቡም ጨርቁም በእሷ እጅ ነው። በፌስታል የጠቀለለችውን ነጭ የቴትረን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

“ይኸውልሽ። ሰባት ሜትር ተኩል ነው። ነጋዴው ዘመዴ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ የሰጠኝ።”

ሰፊዋ የእንጨት ሜትሯን አነሳችና ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካችው። እንደገና ለካችው። “ስድስት ከሩብ ነው” አለች። “ዘመድሽ በሜትር ሳይሆን በምላሱ ነው የለካልሽ።”

ባለዳቦዋ ነጋዴውን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበችው፤ ዘመዷ መሆኑን የረሳችው ይመስላል። ከዚያ ቀለል አላትና፣ “እንግዲያ እጅጌውን ማሳጠር ነዋ! ሙቀት ነው፤ ማን ረጅም እጅጌ ይፈልጋል?” አለች። ሰፊዋ የጠመኔ አቧራ ክንድ ያበላሻል አለች። ጠመኔ የሚያዘው በጣት ነው እንጂ በክንድ አይደለም ተባለች። ለአንዷ ብቻ ረጅም ባደርገውስ አለች፤ ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ዝቅ አለ። ባለዳቦዋ ወገቧን ይዛ አየቻት። “ለየትኛዋ? ገባኝ፣ ለወንድምሽ ሚስት። ተይ እንጂ! ሦስቱ መድረክ ላይ ተደርድረው አንዷ እጅጌ ሁለቱ ክንድ? አምና የአንደኛዋ ኩባያ ክዳን ነበረው ተብሎ ሌላዋ ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት ሁለት ወር ሙሉ ልጄን ፊት ነሳቻት። ሦስቱም እኩል። ከክርን በላይ። አበቃ።” ሰፊዋ የጎደለውን ከራሴ ልሙላው ብትል፣ “ከራስሽ የምታወጪው ካለሽ መዋጮውን ለምን በሁለት ጊዜ ከፈልሽ?” አለችና ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ አፏ ብቻ ነው ቀድሟት የሚሮጠው። ስትወጣ ሁለት ትኩስ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ሰፊዋ ጨርቁን አልቆረጠችም። ቁራጩን ናሙና ጨብጣ ወደ ጨርቅ ተራ ወረደች። ነጭ ሁሉ አንድ የሚመስለው ላልሰፋ ሰው ነው። አንዱ ወተት ይመስላል፣ አንዱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አንዱ ገና በጣቃው እያለ የቆየ ወረቀት ይመስላል። ከሱቅ ሱቅ ናሙናዋን እየደረበች ስታይ ነጋዴዎቹ መጀመሪያ እመቤቴ፣ ቀጥሎ እናት፣ በመጨረሻ ደግሞ ሴትዮ አሏት። አንድ ቦታ ትክክለኛውን አገኘች፤ ባለሱቁ ግን ጣቃውን ሙሉ ካልሆነ አልሸጥም አለ። ለእጅጌ የምትፈልገው አንድ ሜትር ከሩብ ብቻ ነው። ብትለምነውም ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። በሩ ላይ ቆማ ሳለ የተራው ዘበኛ መሬት ላይ ካልሲ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ላይ ደረሰና ምንም ሳይል በዱላው ጀርባዋን መታት። ሴትዮዋ ካልሲዋን ልትሰበስብ ጎንበስ ስትል ደግሞ እጇን መታት። ካልሲው በእግረኛው መሃል ተበተነ። የነበረው ሰው ሁሉ ዓይኑን ዕቃ ላይ ተከለ፤ አዝራር የሚመርጠው አዝራሩን፣ ገበር የሚዳስሰው ገበሩን። ሰፊዋም እግሯ ሥር የወደቀውን አንድ ጥንድ ካልሲ አንስታ የሱቁ ደረጃ ላይ በጥንቃቄ አጥፋ አስቀመጠችና መንገዷን ቀጠለች። እጥፋቱ የተስተካከለ ነበር። ይህን ያስተዋለችው ሱቋ ደርሳ ቁልፉን ስታወጣ ነው።

የሁለቱን መምህራን ጋውን በአጭር እጅጌ ቆርጣ ሰፋችና ሰቀለቻቸው። ሦስተኛው ሰውነቱ ተገጥሞ እጅጌው ሲቀር፣ ከከሰዓቱ ትምህርት በፊት ባለው የምሳ እረፍት የወንድሟ ሚስት መጣች። መለካት አያስፈልጋትም፤ ሰፊዋ ልኳን በቃሏ ታውቀዋለች። ግን መጣች፤ ባለዳቦዋ መንገድ ላይ ነግራታለች። አሮጌውን ጋውን አውልቃ፣ በሹራብ ቆማ፣ ሹራቡንም አወለቀችና በእጅጌ የለሽ ካናቴራ ቀረች። ሰፊዋ አዲሱን ጋውን አለበሰቻትና ትከሻው ላይ እስፒል መሰካት ጀመረች። በመምህሯ ክንድ ላይ፣ በአንድ በኩል አራት በሌላ በኩል አንድ፣ የጣት ቅርጽ ነበር። ቢጫ የሆነው የቆየ ነው፤ ከሥሩ ያለው ወይን ጠጅ ግን ከትናንት ወዲህ የመጣ ነው። ሰፊዋ እስፒሉን ከአፏ እያወጣች ክር ተወደደ አለች። መምህሯ ሁሉም ነገር ተወደደ አለች። እንዲህ ነበር የኖሩት። ላለፉት ስድስት ዓመታት፣ ሜትሩ በዚህ ክንድ ላይ ባለፈ ቁጥር፣ ስለ ክር ዋጋ፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ልጅቷ የሒሳብ ውጤት አውርተዋል።

“አትጨነቂ” አለች ሰፊዋ። “ከታች ካለው እጥፋት እወስዳለሁ። ከኪሱም እቀንሳለሁ። ገበርም አለኝ፣ ቀለሙ ትንሽ ቢለይ ነው። እስከ አንጓሽ አደርስልሻለሁ።”

“ይተዉት፣ እትዬ። አጭር ይሁን።”

“መድረክ ላይ እኮ ነው። ልጆቹ፣ ወላጁ ሁሉ...”

“ይዩት።”

ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በጣቷ ጠቀለለችው። መምህሯ ፊቷን አላዞረችም፤ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት ነው የምትናገረው፤ ልጆች ተሳስተው ሲያነቡ እንደምታርማቸው ረጋ ብላ። “የመጀመሪያውን ቀሚስ ሲሰፉልኝ ያስታውሳሉ? በተጋባን በስድስተኛው ወር። አጭር እጅጌ ነበር ያዘዝኩት። ስለካ ክንዴ ላይ ያለውን አዩት። ልብሱ ሲደርስ እጅጌው እስከ አንጓዬ ነው። ‘እንዲህ ይሻላል፣ ማታ ማታ ይበርዳል’ አሉኝ። እኔ አልጠየቅኩዎትም ነበር፣ እትዬ። የዚያን ቀን ሆን ብዬ ነው ሹራቤን ያወለቅኩት። ካዩ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮሌታውንም ከፍ አደረጉት።”

ሰፊዋ የጋውኑን ኮሌታ በጣቷ ዳሰሰች። ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር፤ የመጀመሪያ ሱሪውን በእጇ ሰፍታ፣ ጉልበቱን በየሳምንቱ እየጣፈች፣ እስኪያገባ ድረስ ማሙሽ እያለች ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ሱቁ ወለል ላይ ያደረላት እሱ ነው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ አሮጊት ሲያይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከመሪው ወርዶ ዘንቢላቸውን ያቀብላል፤ ይመርቁታል። እጁ ቤቱ ሲገባ ሌላ እንደሚሆን ማወቅና እሱን መውደድ በሰፊዋ ልብ ውስጥ እንደ ሱቁና እንደ ቤቷ በመጋረጃ ተለያይተው ኖሩ። “አልገባኝም ነበር” ልትል ፈለገች። እንደሚዋሽ ሰው ፊቷ ሲቀላ መስታወቱ ውስጥ አየችው። ስለዚህ ያንን ትታ መቀሱን አነሳች። “እስከ የት?” አለች። መምህሯ ከክርኗ በላይ፣ ከምልክቱም በላይ፣ በጣቷ አሳየቻት። ሰፊዋ የእጅጌውን ጨርቅ በጠመኔ አሰመረች፤ ቆርጣም ትከሻው ላይ በእስፒል ያዘችው።

ካውያው ግሎ ነበር፤ መምህሯ ጋውኑን ልታወልቅ፣ ሰፊዋም የእጅጌውን እጥፋት ከመስፋቷ በፊት ልትተኩሰው ሲሉ ሹፌሩ ወንድሟ መጣ። እንደ ልማዱ ለቀልድ መዝጊያውን በጣቱ እያንኳኳ፣ “ከመብራት ኃይል! ቆጣሪ ለማንበብ!” አለ። የምሳ ሰዓቱ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ሙዝ ይዞላታል። “እታለም፣ ከስተሻል እኮ፤ ይሄ መኪና ነው አንቺን የሚነዳሽ?” ብሎ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ሚስቱን አየ። ሳቁ ወዲያው አልሄደም፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ሰው ወጥቶ መብራቱ እንዳልጠፋ ክፍል።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የወላጆች ስጦታ ነው” አለች ሚስቱ።

“ለእጅጌው ገንዘብ አነሳቸው?”

“አዎ፣ አነሰ” አለች ሰፊዋ ቶሎ ብላ። “ጨርቁ ስድስት ከሩብ ሆኖ...”

“አንቺን አልጠየቅኩም፣ እታለም። አውልቂው።”

“ነገ መድረክ ላይ የምለብሰው ይሄን ነው” አለች ሚስቱ።

አልጮኸም። ክንዷን ያዘ። ጣቶቹ ቀድሞ በነበረው ምልክት ላይ አንድ በአንድ ልክ ገቡ፣ ተለክቶ እንደተሰፋ ነገር። ሰፊዋ ይህን ነው ያየችው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጥኖ ነው የሆነው። በጥፊ መታት። እስፒሎቹ ትከሻዋ ውስጥ ገቡና ጮኸች፤ ጩኸቷ አናደደውና በቡጢ ደገማት። አንገቷን ይዞ ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። የክር ጥቅሎቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፊዋ የምትለው ነበራት፤ ማሙሽ፣ ተው፣ ሰው ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እያየ ነው፤ እስከ ዛሬ ያየችው ውጤቱን ብቻ ነው። “ማሙሽ!” አለች። “አንቺ አትግቢበት!” አላትና የሚስቱን ጭንቅላት እንደገና አጋጨው፤ ከቅንድቧ የፈሰሰው ደም ነጩ ኮሌታ ላይ ነጠበ። ጭንቅላቷን በቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ይዟት ነበር። ሰፊዋ ካውያውን አንስታ በዚያ እጁ ላይ አስቀመጠችው። ተጫነችው። ጨርቅ ስትተኩስ እንደምትጫነው፣ በክብደቷ ሙሉ።

የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሹፌሩ የጮኸው ጩኸት የትልቅ ሰው አልነበረም። እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ኋላ ሸሸና ግድግዳውን ሲነካ ቆመ፤ እህቱን ያያት በሕፃንነቱ ሲወድቅ ታነሳው ዘንድ ያያት በነበረው ዓይን ነው። ሚስቱ ከጠረጴዛው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወረደች። ከጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ፣ ጭንቅላቱ በግማሽ የተላጨ ደንበኛ ደግሞ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ተከታትለው በመዝጊያው ሥር ገቡ።

“ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ፣ እትዬ?”

ሹፌሩ ላብ እያጠመቀው ፈገግ ለማለት ሞከረ። እንዴት እንደሚችል ሰፊዋ ገረማት። “ምንም አይደል” አለ። “ካውያ ወደቀብኝ። እሷ ደግሞ ልትይዘው ስትል አዳልጧት... አይደል፣ እታለም?”

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ቃሉ በአፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትሰፋው የኖረችው ቃል ስለሆነ አንድ ስፌትም አይጎድለውም። አዎ ብትል ሁለቱ ሰዎች ወደ ፀጉራቸው ይመለሳሉ፣ ማሙሽ እጁን በቀዝቃዛ ውሃ ይነክራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሙዝ ይዞ ይመጣል። ወለሉ ላይ የተቀመጠችው ሴት ወደ ላይ አላየቻትም። መልሱን የምታውቅ ትመስል ነበር።

“አይደለም” አለች ሰፊዋ። “ካውያው አልወደቀም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ሚስቱን እየደበደበ ነው። ዛሬ አይደለም የጀመረው፤ ከተጋቡ ጀምሮ ነው። አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ልብስ ስሰፋላት የኖርኩት።”

ከካውያው ይልቅ ይሄ ነው ያመመው። በግራ እጁ አፏ ላይ መታት። መላው ሰውነቱ ከቡጢው ጋር መጣ፤ ሰፊዋ ከስፌት መኪናው ጋር ተጋጭታ ከነወንበሯ ወደቀች፤ አፏ ውስጥ ጥርስ ተሰበረ። ሁለቱ ሰዎች ዘለው ያዙት። ፎጣ ያሰረው ደንበኛ ጎረምሳ ነበር፤ ከኋላ አንገቱን አንቆ ወደ መዝጊያው ጎተተው፤ ሹፌሩ ረገጠ፣ ነከሰ፣ የመስታወቱን እግር በጫማው መትቶ ጣለው። በመንገዱ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ፀጉር አስተካካዩ፣ “ሴት ላይ ነው ጉልበትህ? ና እስቲ እኔን!” እያለ ሲፎክር ይሰማል። ሹፌሩ ራሱን አስለቀቀ፤ ሸሚዙን አስተካከለ፤ የተቃጠለ እጁን ብብቱ ሥር ሸሸገ። አንድ አሮጊት፣ “እንዴ፣ ይሄ ሹፌራችን አይደል እንዴ?” አሉ። መልስ አልሰጣቸውም። ወደ ሱቁ ዞሮም አላየም፤ የማያውቀው ሱቅ እንደሆነ ሁሉ በፊቱ አልፎ ሄደ።

ሁለቱ ሴቶች መዝጊያውን እስከ ታች ዘግተው በመብራት ተቀመጡ። ሰፊዋ የተሰበረውን ጥርሷን ከውሃ ጋር ተፋችው። የመምህሯን ቅንድብ በንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ አሰረችላት፣ እስፒሎቹን ከትከሻዋ አንድ በአንድ ነቀለች። ወደ ሐኪም እንሂድ አለች፤ እንሄዳለን፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ፣ ግን ትንሽ ልቀመጥ አለች መምህሯ። የከሰዓቱ ትምህርት አለፈ። ጋውኑን አውልቃ ስትሰጣት ሰፊዋ ኮሌታውን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አሸችው። ደሙ ደበዘዘ፤ አልለቀቀም። ቴትረን አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ የሚተካበት ጨርቅ ደግሞ ስንዝር አልተረፈም። ጋውኑን ብርሃን ላይ ይዛ አገላብጣ ስታየው መምህሯ ከኋላዋ ሆና፣ “ያንሱት” አለች። “ኮሌታውን ያንሱት፣ እትዬ።” ሰፊዋ ስፌቱን በምላጭ እየፈታች ኮሌታውን ከሥሩ አነሳችው። ክብ አንገት ሆነ። ጠርዙን አጥፋ ሰፋችው። ካውያውን ግን አልነካችውም፤ ጠርዙን በጥፍሯ ጫነችው።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መዝጊያው ዝግ ስለነበር በጓሮ ገባች። ያበጠውን የእናቷን አፍ፣ የታሰረውን የመምህሯን ግንባር፣ የወደቀውን መስታወት አየች። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ “ምን ሆናችሁ?” አለች። ሰፊዋ ወንበሩን አቃንታ፣ ልጇን አቅርባ አስቀመጠቻት።

“አጎትሽ መታን” አለቻት።

ልጅቷ ቦርሳዋን አውርዳ ታቀፈችው። “ነገ ታዲያ ቲቸር አትመጣም?”

“እመጣለሁ” አለች መምህሯ። “ካርድሽን ማን ሊሰጥሽ?”

ሦስቱም ጋውኖች ጎን ለጎን ተሰቀሉ፤ ሦስቱም እጅጌያቸው ከክርን በላይ ነው፤ አንደኛው ኮሌታ የለውም። ባለዳቦዋ ስታየው ስለ ባለክዳኑ ኩባያ ማንሳቷ አይቀርም። ሰፊዋ ለመምህሯ ሹራብ ደረበችላት፤ መምህሯ መልሳ አወለቀችው። ወደ ሐኪም ቤት በእግራቸው ወጡ፣ ልጅቷ በመሃላቸው ሆና፣ አውቶቡስ ሳይሳፈሩ።

ሰፊዋ እናቷን ቀብራለች፣ ባሏን ቀብራለች። አንድ ወንድም ነበራት። አሁን የላትም።